ያልተጠየቀ ባለጉዳይ

መጋቢት 1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት «ሐረር» የሚለውን ስም በአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ለማስመዝገብ አመለከተ። ማመልከቻው ስለ ከተማዋ የጁገል ግንብም ሆነ ስለ መስጊዶቹ አያወራም፤ የሚያወራው ስለ ቡና ነው። ከሐረር ጋር ሲዳሞና ይርጋጨፌም አብረው ቀርበዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ በ1998 መጀመሪያም መሥሪያ ቤቱ የሐረርን ማመልከቻ ውድቅ አደረገው። ምክንያቱ ቃሉ በቡና ንግድ ውስጥ የወል መጠሪያ ሆኗልና ማንም ለብቻው ሊይዘው አይችልም የሚል ነበር። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ያጠሩላት፣ የራሷን መሐለቅ እየቀረጸች የነገደች ከተማ፣ ስሟ የማንም እንደሆነ በደብዳቤ ተነገራት።

ጉዳዩን ይዘው የቆሙት አቶ ጌታቸው መንግሥቴ ናቸው። በትምህርታቸው የሕግ ባለሙያ፣ በሹመታቸው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 320/1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። ሙያቸው የሕግ ይሁን እንጂ ስማቸው በዓለም የተሰማው በድርድር ነው። ይህ መንገድ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ከጠበቃነት ተነሥተው የመንግሥት የንግድ ተደራዳሪ የሆኑ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ሹመቱም የአንድ ሙያ ቀጥተኛ እድገት ተደርጎ ይወሰዳል። እኔ ግን አንድ ሥራ አይመስለኝም። ጠበቃውና ተደራዳሪው አንድ ዓይነት ሱፍ ቢለብሱ፣ አንድ ዓይነት ቦርሳ ቢይዙ፣ ኅሊናቸው የሚፈተነው በተለያየ ቦታ ነው።

የኛ ሰው ሙግት ይወዳል ይባላል። በቀድሞው ዘመን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው፣ ማንም ይጥራው ማን፣ ከመንገዱ ይቆም ነበር፤ ተሟጋቾቹም መንገደኛውን ዳኛ አድርገው ዛፍ ሥር ይቀመጡ ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ትልቁ ነገር ሦስተኛው ሰው ነው። ከሳሽና ተከሳሽ አይስማሙም፤ እንዲስማሙም አይጠበቅም። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ዳኛው ያዞራሉ። ስለዚህ ጠበቃ የባላጋራውን ልብ መለወጥ አያስፈልገውም። እውነትና ማስረጃ በእጁ ካለ፣ ዳኛውም ዳኛ ከሆነ፣ ያሸንፋል። ከፍርድ በኋላ ባላጋራው ቢያኮርፍ የራሱ ጉዳይ ነው።

ተደራዳሪ ዳኛ የለውም። ማሳመን ያለበት ባለማመኑ የሚጠቀመውን ሰው ነው። ይህ የሕግ ሰውን ግራ የሚያጋባ ዓለም ነው፤ ትክክል መሆን እዚህ መነሻ እንጂ መድረሻ አይሆንም። በችሎት «መብቴ ነው» ማለት ክርክሩን ይከፍታል፤ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ግን ቡና የሚገዛው ሰው «መብትህ ይሁን፤ እኔ ግን ከሌላ አገር እገዛለሁ» ሊል ይችላል። ፍርድ ቤት የረታ ጠበቃ መዝገቡን ዘግቶ ቤቱ ይገባል። የረታ ተደራዳሪ ግን በማግሥቱ ከተረታው ሰው ጋር ይነግዳል፤ ስለዚህም ምን ያህል መርታት እንዳለበት ማወቅ የሙያው ግማሽ ነው።

የአቶ ጌታቸው ጽሕፈት ቤት ገና ሲጀምር የመረጠው መንገድ ይህን ያሳያል። የቦታ ስም ያለው ምርት ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው በመልክዓ ምድራዊ አመልካች ወይም በማረጋገጫ ምልክት ነው፤ አንድ አካል እየተከታተለ ምርቱ በእርግጥ ከዚያ ቦታ መሆኑን ይመሰክራል። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስም ከንግድ ምልክት ይልቅ ይህ ይሻላል ባይ ነበር። ኢትዮጵያ ግን የንግድ ምልክትን መረጠች። ምክንያቱ ሐረርጌን ወይም ሲዳማን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። የአገሪቱ ቡና የሚበቅለው አራት ሚሊዮን ገደማ በሚሆኑ ጥቃቅን ማሳዎች ላይ ነው። እያንዳንዱን ማሳ መርምሮ ማኅተም መምታት የሚጠይቀው ወጪ በመጨረሻ የሚያርፈው ገበሬው ትከሻ ላይ ነበር። የሚገርመው፣ ማመልከቻው ውጭ አገር ሲገባ የአገር ቤቱ የንግድ ምልክት አዋጅ፣ ቁጥር 501/1998፣ ገና አልወጣም። ለስሙ በሰው አገር ሕግ የተሟገተው መንግሥት የራሱን ሕግ የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ለሐረር ደግሞ የተለየ ችግር ነበረ። «የሐረር ቡና» የሚባለው በብዛት ከከተማዋ አጥር ውጭ ይበቅላል። ከጨርጨር ተራሮች ጀምሮ በምዕራብና በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋና ወይና ደጋ፣ አብዛኛው የኦሮሞ ገበሬ ከፍሬው ጋር አድርቆ የሚያወጣው ቡና ነው። ስሙን የሰጠችው ግን የሰበሰበችው፣ የመዘነችውና ወደ ዘይላ ወደብ የላከችው ከተማ ናት። የየመኗ ሞካም እንዲሁ ናት፤ ወደብ ነበረች እንጂ የቡና ማሳ አልነበረችም። ስም የሚሰጠው ገበያ ነው፤ ላብ የሚያወጣው ሌላ ነው። አንድ ስም «የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ታዲያ ሁለት ባለቤቶች ይነሣሉ፦ ያበቀለውና ያስጠራው። የአሜሪካው መርማሪ ሦስተኛ ጨመረ፤ የለመደው ጠጪ። ቃሉ በጠጪው አፍ ከገባ የወል ሆኗል አለ። ሕግ እንዲህ ሲል ስህተት ላይሆን ይችላል። ፍትሕ ግን ይጎድለዋል፤ ምክንያቱም ቃሉን ሲለምዱት ዝም ያለው ባለቤት ስለተስማማ ዝም አላለም። ባሕር ማዶ ምን እንደሚባል ስላልሰማ ነው ዝም ያለው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገሬ ሰው። ከዚህ በኋላ የሆነው ባለቤቱ እንዳይናቅ የተደረገ ሥራ ነው። ጥቅምት 1999 ዓ.ም. የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም በስታርባክስ ላይ ዘመቻ ጀመረ። በዚያ ዘመን ስታርባክስ የኢትዮጵያን ምርጥ ቡና ፓውንዱን እስከ 26 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ የኢትዮጵያ አምራቾች ከችርቻሮው ዋጋ ይደርሳቸው የነበረው ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚገመት ነው። የቡና ገበሬዎቹ ጉዳይ በየጋዜጣው ወጣ። ክርክሩ ከመርማሪው ጠረጴዛ ተነሥቶ ጠጪው ፊት ቀረበ። ዳኛ በሌለበት ዓለም ተደራዳሪው ዳኛ ፈጠረ ማለት ነው።

በሰኔ 1999 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ኩባንያው የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ስሞች የኢትዮጵያ መሆናቸውን አምኖ ተቀበለ፤ ምዝገባቸው ያለቀም ያላለቀም ቢሆን። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። መሥሪያ ቤቱ ለሐረር የነፈጋትን እውቅና ገዢው በፊርማው ሰጣት። ጠበቃው ያጣውን ተደራዳሪው አገኘው። ዋጋውስ? ኢትዮጵያ ለስሙ አጠቃቀም ክፍያ አልጠየቀችም። ፈቃዱ በነጻ ነው። አንድ ተሟጋች ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን አሸነፍን?» ሊል ይችላል፤ መብት ገቢ ካላመጣ ወረቀት ነውና። ተደራዳሪው የሚመልሰው ሌላ ነው፦ ስሙን የያዘ ሰው ዛሬ ሳንቲም ባይቀበልም ነገ ስለ ጥራት፣ ስለ ማስተዋወቅና ስለ ዋጋ ሲነጋገር ወንበር አለው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ማን እንደበለጠ የሚፈርደው ግን የገበሬው ኪስ ነው።

ጠበቃንና ተደራዳሪን የሚለየው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ጠበቃ ባለጉዳይ አለው። ባለጉዳዩ ቀጥሮታል፣ አጠገቡ ተቀምጧል፣ ካልጣመው ውክልናውን ያነሣል። የንግድ ተደራዳሪ ባለጉዳይ ግን አያውቀውም። በጨርጨር ቡናውን አስጥቶ የሚጠብቅ ገበሬ ለዋሽንግተን ወይም ለጄኔቫ ውክልና ፈርሞ አያውቅም። መንግሥት ወክሎለታል። ውክልናው ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን ባለጉዳዩ ሊያነሣው የማይችለው ውክልና ነው። በጠበቃነት ያደገ ሰው ይህን ለውጥ ካላስተዋለ፣ ለባለጉዳይ የተማረውን ታማኝነት ለአለቃው ያስረክባል።

ሐረር ይህን ከማንም ቀድማ ታውቃለች፤ በብዙ ድርድር ውስጥ ስሟ ተነሥቷልና። ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዙ ለመኮንን ወልደ ሚካኤል ሰጧቸው። እንደ ዘመኑ ገዥ ሁሉ መኮንንም ችሎት የሚያስችሉ ዳኛ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በውጫሌ ውል ማግሥት፣ ደጃዝማች መኮንን ጣሊያን ተላኩ። በመስከረም 1882 ናፖሊ ላይ በተፈረመው ተጨማሪ ውል ኢትዮጵያ አራት ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች። መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። በየበሩ የሚከፈለው ቀረጥ፣ የሐረሪው፣ የኦሮሞው፣ የሱማሌውና የአርጎባው ነጋዴ ገንዘብ፣ በማያውቁት ከተማ፣ ባላዩት ወረቀት ለብድር ዋስ ሆነ። ከብድሩ ከፊሉ ለጦር መሣሪያ መግዣ ዋለ። ለአገር ጠቅሟል ማለት ይቻላል። ዋስ የሆነው ግን ዋስ መሆኑን አልሰማም፤ በአገራችን የሙግት ሥርዓት ደግሞ ዋስ የሚሆን ሰው ራሱ ቀርቦ «ዋስ ነኝ» ይላል።

ግንቦት 1889 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ አዲስ አበባ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋዋለ። በውሉ ከዘይላ በጊልዴሳ በኩል ሐረር የሚደርሰው የሲራራ መንገድ ለሁለቱ አገሮች ንግድ ክፍት እንዲሆን ተስማሙ። የሱማሌን ድንበር ነገር ግን ሮድ የጨረሰው ሐረር ላይ፣ ከራስ መኮንን ጋር ደብዳቤ በመለዋወጥ ነው። ራስ መኮንን በዚህ ድርድር የበሰሉ ሰው መሆናቸውን አሳይተዋል። ድንበሩ የግጦሽ ምድርን እንደሚቆርጥ ተረድተው ስለነበር፣ በሁለቱም ወገን ያሉ ከብት አርቢዎች መስመሩን ተሻግረው በግጦሹና በቅርብ ባለው ውሃ እንዲጠቀሙ በጽሑፍ ገባ። እረኛው በውሉ ውስጥ አለ። ቢሆንም ማንም መጥቶ አልጠየቀውም። የእሱ ልጆችና የልጅ ልጆች በዚያ መስመር ላይ ስንት ዘመን እንደተናቆሩበት የዚያ የግጦሽ ምድር፣ የሐውድ፣ ታሪክ ይናገራል። መታወስና መጠየቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደግ ተደራዳሪ ያስታውሳል፤ ፍትሐዊ ተደራዳሪ ይጠይቃል።

ባቡሩም ሌላው ምስክር ነው። በ1886 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የተሰጠው ኮንሴሲዮን የመጀመሪያውን ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር ብሎ ነበር የጀመረው። ተራራው ሲከብድና ወጪው ሲንር ሐዲዱ ታች ቀረ። ታኅሣሥ 1895 ባቡሩ የደረሰባት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነች፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። የሐረር ነጋዴ ዕቃውን እየጫነ ቁልቁል ወረደ። በአምስቱ በሮች ይገባ የነበረው ሀብት አቅጣጫውን ለወጠ። ይህን የወሰነው ክፋት አይደለም፤ የመሐንዲስና የባለአክሲዮን ስሌት ነው። ከተማዋ ግን በስሌቱ ውስጥ ርቀት ብቻ ነበረች።

ከባቡሩ በፊት በሲራራው መንገድ ላይ ሌላ ዓይነት ተደራዳሪ ይሠራ ነበር። ከዘይላ ወይም ከበርበራ ወደ ሐረር የሚወጣ ነጋዴ በሱማሌ ምድር ያለ አባን አይንቀሳቀስም። አባን እንግዳውን በራሱ ጎሣ ክብር የሚያሳልፍ ሰው ነው። ግመል ይከራይለታል፣ አስተርጓሚ ይሆነዋል፣ ዋጋ ይነጋገርለታል፣ ጠብ ሲነሣም ይሟገትለታል። በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተንም በአባን ነው ያለፈው፤ ስለ አባኖች ስግብግብነት ማማረሩም አልቀረም። አባን መልአክ አልነበረም። ነገር ግን ጠበቃም ተደራዳሪም ሆኖ አንድ ነገር ነበረው፤ እንግዳው ቢዘረፍ ነውሩ በእሱ ላይ ይቀራል። የድርድሩ ውጤት እሱን የሚያገኘው እዚያው መንገድ ላይ ነው።

የዘመናችን ተደራዳሪ ከውጤቱ ጋር አይገናኝም። ጥፋቱ የሰዎቹ አይደለም፤ ጉዳዩ ከሹመት ይረዝማል። ኢትዮጵያ የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በጥር 1995 ነው። የሥራ ቡድኑ መጀመሪያ የተሰበሰበው በግንቦት 2000 ሲሆን፣ አራተኛው ስብሰባ በጥር 2012 ተደረገ፤ ቀጣዩ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ። በዚህ መካከል ስንት ሚኒስትር ተለዋወጠ! አቶ ማሞ ምሕረቱን እንውሰድ። በሕግ ተመርቀው፣ በዓለም ባንክ ሠርተው፣ የአገሪቱ ዋና የንግድ ተደራዳሪ ሆኑ፤ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ከጥር 2015 ጀምሮ የብሔራዊ ባንክ ገዥ፤ በ2017 መጨረሻ ከዚያም ለቀቁ። ይህ የብቁ ሰው የሥራ ታሪክ ነው። መዝገቡ ግን ሳይዘጋ ሰውየው ሦስት ወንበር ቀይሯል። በአባን ሥርዓት ኃላፊነት በሰው ላይ ነበር፤ በኛ ሥርዓት በመዝገብ ላይ ነው። መዝገብ ደግሞ አያፍርም።

ወደ ቡናው ልመለስ። ከስታርባክሱ ስምምነት በኋላ ምን ሆነ? ሲዳሞ በየካቲት 2000 አሜሪካ ውስጥ ተመዘገበ። በጃፓን ደግሞ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ሌላ ሙግት ከፈተ። በርካታ የውጭ ኩባንያዎች በስሞቹ ለመጠቀም ፈቃድ ፈረሙ። በዚያው ዘመን፣ በ2001 ዓ.ም.፣ የአገር ውስጥ የቡና ግብይት በአብዛኛው ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተዛወረ። ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና በራሳቸው እርሻ አምርተው ከሚልኩት በቀር፣ የአንድ አካባቢ ቡና ከሌላው ጋር በደረጃ ተደባልቆ ይሸጥ ጀመር። ውጭ አገር «ይህ ስም የታወቀ ባለቤት አለው» ብለን እየተሟገትን፣ አገር ቤት የባለቤቱን ማንነት በጆንያ ውስጥ ቀላቀልነው። በ2009 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ይህን ለማረም በሩን ከፍቷል። ግን ስምን ለዓመታት በሁለት አፍ ተናግረንበታል።

ገበሬው ደግሞ ፍርዱን ማንንም ሳይጠብቅ ሰጠ። ሐረርጌ ውስጥ ብዙ የቡና ማሳ ጫት ሆኗል። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቀነጠባል፤ ዋጋው በዕለቱ ይታወቃል፤ አወዳይ ገበያ ላይ ሻጯ ሴት ፊት ለፊት ቆማ ትከራከራለች፣ ካልጣማት ታነሣለች። ብዙ ሰው ይህን የሚያየው እንደ ልማት ችግር ነው። እኔ እንደ ሙግት አየዋለሁ። ገበሬው ስሙ ከሚከብርበት ሩቅ ገበያ ይልቅ ራሱ የሚጠየቅበትን ቅርብ ገበያ መርጧል። ድርድር ላይ የሌለ ሰው ድምፁን የሚያሰማው እንዲህ ነው፤ ይነቅላል።

ይህን ስል የአቶ ጌታቸውንና የባልደረቦቻቸውን ሥራ እያሳነስኩ አይደለም። በኢትዮጵያ የንግድ ድርድር ታሪክ ደካማው ወገን ስሙን ከኃያል ገዢ እጅ በሕግ ዕውቀትና በትዕግሥት ያስመለሰበት እንዲህ ያለ ጊዜ ጥቂት ነው። ላኪዎችንና የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ያካተተ ኮሚቴ አቋቁመው መሥራታቸውም ከራስ መኮንን ዘመን አንድ እርምጃ ይቀድማል። የጎደለው ቀጣዩ እርምጃ ነው። የጠበቃነት ሥነ ምግባር ባለጉዳዩን አማክር፣ አማራጮቹን ንገረው፣ ያለ ፈቃዱ አትስማማለት ይላል። ይህ ግዴታ ጠበቃው ተደራዳሪ ሲሆን አብሮት መሻገር ነበረበት። የተሻገረው ግን የክርክር ችሎታው ብቻ ነው።

አሁን የዓለም የንግድ ድርጅት ድርድር ላይ ነን። እያንዳንዱ አባል አገር የራሱን ጥያቄ ያቀርባል፤ በየዕቃው ስለሚከፈል ቀረጥ፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ጅምላ ንግድ ይጠይቃል። የሚፈረመው ሁሉ ሐረር ይደርሳል። መኪና ግርግር በተባለው ጎዳና በስፌት መኪና ለሚተዳደረው ልብስ ሰፊ፣ ገዲር መጋላ ገበያ ውስጥ ለሚቸረችረው ነጋዴ፣ ለጨርጨሩ ቡና አምራች የሚመለከተው አንቀጽ አለ። ስለዚህ ለመንግሥት ተደራዳሪዎች፣ በተለይም ከሕግ ትምህርት ቤት ለወጡት፣ የምለው ይህ ነው፦ ከመፈረማችሁ በፊት የምትሰጡትንና የምትቀበሉትን በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሱማልኛና በአማርኛ አጽፋችሁ ወደ ባለጉዳዮቻችሁ ውሰዱት። አስነብቡት፣ ተቃውሞውን ስሙ፣ የሰማችሁትንም መዝግቡ። ባለጉዳዩን ሳይጠይቅ የተስማማ ጠበቃ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። ለአንድ ሰው ጉዳይ የምንጠይቀውን ለሚሊዮኖች ጉዳይ የማንጠይቅበት ምክንያት የለም።